ቀዩ ነጥብ ሲጠፋ

ቃሊቲ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘሩ ላሜራ ሲቆርጥ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጨረሩ አይታይም። ከሥር ፍንጣሪ ይዘንባል፣ ከላይ ግን ምንም የለም፤ ወፍራሙ ብረት የልብስ ሰፊ መቀስ እንደገባበት ጨርቅ ለሁለት ይከፈላል። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ሆኜም እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እፈራዋለሁ፣ እወደዋለሁም።

አንጋፋው በያጃችን ግን አልተደነቁም። ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት ብየዳ ላይ ነው፤ ለእሳቸው ዓይን የሚያጠፋው የሚያበራ ነገር ነው። ብርሃን ሲኖር ጭምብላቸውን ይደፋሉ፣ ሲጠፋ ወደ ግንባራቸው ይገፉታል። በዚህ ደንብ ዓይናቸውን እስከ ሽበት አድርሰዋል። የሌዘሩ ማነጣጠሪያ ደግሞ ቀይ የብርሃን ነጥብ ነው፤ ዋናው ጨረር የት እንደሚያርፍ ከማሳየት በቀር እጅ ላይ ቢያርፍ እንኳ አያቃጥልም። ጋሼ ሌዘር የሚሉት እሱን ነበር። መዳፋቸውን ሥሩ ዘርግተው "ይኼ ነው ያስፈራራችሁ?" እያሉ ይስቁብን ነበር።

አንድ ጠዋት ማሽኑ ደከመ፤ ላሜራውን እስከ ታች መብሳት አቃተው። ጨረሩን ከሚያስተላልፉት መስታወቶች አንዱ ዝንፍ ሳይል አልቀረም ብዬ ሽፋኑን ከፈትኩ። ሽፋኑ ሲከፈት ማሽኑ በራሱ ይቆማል፤ ጨረሩን ለመሞከር ብዬ ግን እንዳይቆም መከላከያውን በቁልፍ አጠፋሁት። ከመስታወቱ ፊት ለፊት ካርቶን አቆምኩ፤ ጨረሩ የት እንዳረፈ የሚታወቀው ካርቶኑን ሲያቃጥል ነው። ሰዉን አርቄ፣ ዋናውን ጨረር ልለቅ ቀዩን ነጥብ አጠፋሁ።

ጣቴ ማስነሻው ላይ ሳለ ጋሼ መጥተው በመስታወቱና በካርቶኑ መካከል ጎንበስ አሉ። መስታወቱን በጨርቅ ሊጠርጉልኝ ነው። ጭምብላቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ ከዚያ ይውጡ።"

"ጠፍቷል እኮ፣ ልጄ።"

"የጠፋው ማነጣጠሪያው ነው። ይውጡ ስልዎት።"

እንደዚያ ተቆጥቻቸው አላውቅም። እያጉረመረሙ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ፤ ያኔ ተጫንኩት። የታየ ብርሃን የለም። ቅድም ፊታቸው በነበረበት አቅጣጫ ካርቶኑ ተበሳ፣ ቀዳዳው ዙሪያ እሳት ተያያዘ። ያኔም እንኳ መደነቄ አልቀረም።

እሳቱን አጥፍቼ ስዞር ጋሼ በሁለት እጃቸው ዓይኖቻቸውን ቀስ ብለው እየዳበሱ ነበር።

"እኔ እኮ" አሉኝ፣ "ይኼን ሁሉ ዘመን የምፈራው የሚታየኝን ነው።"