የችግሩ መግለጫ

«አልፏል!»

ቲቸር በቴሌግራም የላከችልኝ ይችን ቃል ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ገና ሰንጋ ተራ ነን፣ እኔ የምወርደው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ግን የሆነ ነገር ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ሆነ። አፍሬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ ብቻዬን እየሳቅኩ በእግሬ ሄድኩት።

ያለፈው ፕሮፖዛሌ ነው። ትምህርት ቤታችን ለተማሪዎች የፈጠራ ሥራ ድጋፍ እሰጣለሁ ሲል፣ እኔ ጎረቤቶቻችን የብሎካችን ደረጃ ላይ የሚለጥፏቸውን ማስታወቂያዎች ሰብስቤ ኤግዚቢሽን ላሳይ አልኩ። አንዱ «ጫማችሁን ከበራችን አንሱ» ይላል። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ፣ «መጀመሪያ ቆሻሻችሁን አንሱ»። ከዚያ ሥር ደግሞ፣ «ሁለታችሁም ፊደል ተማሩ»። እኔ ማንበብ የለመድኩት በነዚህ ነው ማለት ይቻላል። ምን ያደርጋል፣ ማክሰኞ የተለጠፈ ሐሙስ ተቀዶ ይገኛል።

ፎርሙ ላይ «የችግሩ መግለጫ» የሚል ክፍት ቦታ ነበር። ችግር ሲሉ የቤታችንን መስሎኝ! ጻፍኩ። ውሃ እንደሚጠፋ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን እንደምንሸከም፣ የአባዬን ወገብ፣ የእህቴን ጥርስ። እማዬ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«አንቺ! ጉዳችንን አደባባይ ልታወጪው ነው?»

«ፎርሙ ነው የጠየቀኝ፣ እማዬ!»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ ከጻፍሽ አይቀር፣ የፍሪጁንም ጨምሪ።»

የመንግሥት ሠራተኛው አባዬ ደግሞ መጨረሻው ላይ «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» የምትል አስገባልኝ።

ቲቸር ከንፈሯን ነክሳ አንብባ ጨረሰች። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ ፕሮፖዛል ነው ወይስ የወረዳ ማመልከቻ? እኔ የምልሽ፣ ኤግዚቢሽኑ ባይኖር ምን ይጎድላል? እሱን ጻፊ። ነገ ጠዋት እሰበስባለሁ።»

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ደረጃችንን ስወጣ፣ ከፊቴ «ጫማችሁን አንሱ» ባይዋ እትዬና «ቆሻሻችሁን አንሱ» ባዩ ጋሼ ተላለፉ። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ግድግዳው ላይ ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲነታረኩ ነው የከረሙት!

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ «በአካል ስንገናኝ ሰላም አንባባልም። የምናወራው በወረቀት ነው። ወረቀቱ ሲቀደድ ወሬያችንም አብሮ ይቀደዳል።» የአባዬን ትሕትና እሱ ሳያይ ሰረዝኳት።

እና አለፈ! ቤት ገብቼ ስናገር እማዬ እልል አለችና ወዲያው፣ «ስለ ፍሪጁስ ምን አሉ?»

የኤግዚቢሽኑን ማስታወቂያ ዛሬ ደረጃው ላይ ለጠፍኩት። እስካሁን አልተቀደደም። ከሥሩ የእትዬ እጅ ጽሑፍ፣ «ጫማ የት ይቀመጣል?» ይላል። ከሷ ሥር ጋሼ፣ «በኔ በር ላይ ይቀመጥ»።

እናንተም ቅዳሜ ከሰዓት የብሎካችን የጋራ አዳራሽ ኑልኝ። ከደረጃችሁ የተቀደደ ወረቀት ካለም ይዛችሁ ኑ፤ ማጣበቂያው ከኔ። ስትገቡ አጠገባችሁ ያለውን ሰው በአፋችሁ ሰላም በሉት።