የጋሽ ጠና አሮጌ መኪና

ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በደርግ ዘመን፣ የሆሳዕናው ጨው ነጋዴ የጋሽ ጠና አሮጌ መኪና ከመሄድ መቆም ይቀላት ነበር። ዳምቦያ ስትደርስ ትፈላለች፤ ሙዱላ ላይ ባትሪዋ ይሞታል። ሰዉ ታዲያ እርሻውን ጥሎ እየሮጠ ይገፋለታል፤ አብልቶ አጠጥቶ ይሸኘዋል። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ የኔ መኪና አዲስ ናት፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም ነበር። ግን በዚያ ሁሉ መንገድ ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም! ቅናት አንጀቴን አሳረረው። በዚያ ቆርቆሮ መኪና!

አንድ ቀን ቦኖሻ መግቢያ ላይ የኔዋም የማራገቢያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰና ሞተሩ ፈላ። ተናድጄ የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል፣ አንዲት ሴት ከማሳዋ ጮኸችብኝ።

«ይተዉት! ሳይበርድ ከከፈቱት ፊትዎን ይጠብስዎታል! ጋሽ ጠና ነው ያስተማረን።»

ሲበርድ ውሃ ሞላችልኝ። የእንሰት ቃጫ ገመደችና በቺንጋው ቦታ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«እሱም እንዲህ ነው የሚያስረው» አለችኝ። «ለመሆኑ ጋሽ ጠናን ያውቁታል?»

ሞተሩ ተነሣ። ምን ልበላት?

«ወንድሜ ነው» አልኳት።

አገላብጣ ሳመችኝ። ስሜን ግን አልጠየቀችኝም።