እሳት ሊጭር ያልመጣው ጅብ

ኮሶዬ መንደር ማስተማር ከጀመርሁ ዓመት አልፎኛል፤ የማንንም ቤት መደብ ግን ተቀምጬ አላሞቅሁም። የመጣሁት ከጎንደር ከተማ ነው። መንገዱ ቅርብ ነው፣ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ሰዉ ሰላምታ አይነፍገኝም። «እንዴት ዋልሽ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ከዚያ እነሱም ወደ ቤታቸው፣ እኔም ወደ ኪራይ ክፍሌ።

አኩራፊ ነኝ፣ አልደብቅም። ካልፈለጉኝ አልፈልጋቸውም ብዬ በሬን ዘጋሁ፣ ዝውውርም ጠየቅሁ። ማታ ማታ ግን አጥር ማዶ የጎረቤቶቼን ሳቅ ጆሮዬን ጥዬ አዳምጣለሁ።

ሰሞኑን ለአራተኛ ክፍሎች አንድን ታሪክ በሌላ ሰው ዓይን ማየትን ማስተማር ነበረብኝ። የመጽሐፉ ማብራሪያ እንቅልፍ ያመጣል። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቁትን ተረት አመጣሁ፤ ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለውን። መጀመሪያ እንደ ወጉ ነገርኋቸው፣ ሳቁ። ቁርበቱን ሊበላው እንደሆነ ማን ያጣዋል? ቀጥዬ ራሴ ጅቡን ሆንሁ።

«እኔ አያ ጅቦ ከሩቅ ነው የመጣሁት። ደክሞኛል፣ በርዶኛል። ግባ ያለኝ የለም። መቀመጫ ብጠይቅ ምን አጠፋሁ?»

መሐል ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ ትወና መስሏቸው አጨበጨቡልኝ።

«አሁንስ የአገሩን ሰዎች ሆኖ የሚነግረን ማን ነው?»

የአጥር ማዶ ጎረቤቴ የልጅ ልጅ ተነሳች።

«እኛ ቁርበት አልነፈግነውም። አዲስ ጎረቤት መጀመሪያ እሳት ሊጭር ይመጣል። አያ ጅቦ አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ከቤቱም ጭስ አይወጣ። አያቴ ‹የራሱ አለው፣ ሰው አያሻውም፣ ተውት› አለች።»

ተረቱ ውስጥ አያት የለችም። ልጆቹ ሁሉ ዞረው እኔን አዩ።

የኤሌክትሪክ ስቶቭ ይዤ የመጣሁት ሰው እንዳላስቸግር ነበር። እናቴ ያሳደገችኝ «ጎረቤት አታድክሚ» እያለች ነው። እነሱ ኩራት አሉት። እኔም ዝምታቸውን ጥላቻ አልሁት። ልጅቷን «ጎበዝ» ብዬ አስቀመጥኋት።

የዚያኑ ዕለት አመሻሹ ላይ አያቷ ደጅ ቆምሁ። ኪሴ ውስጥ ክብሪት አለ።

«እማማ፣ እሳት ልጭር ነበር።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ እስከዛሬ በብርድ ነው እንዴ የከረምሽው?»

መልስ አልጠበቁም። ፍሙን በገል አድርገው፣ አመድ አልብሰው ሰጡኝ። ቁጭ በይ አላሉኝም። እሳት ጫሪ አይቀመጥም፣ እሳቱ ይጠፋበታል።

ምድጃ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ቤት ስገባ ነው። ጉልቻ የለኝ፣ እንጨት የለኝ። ገሉን እንደያዝሁ ክፍሌ መሐል ቆምሁ። ፍሙ እስኪከስም እጄን አሞቅሁበት፣ አለቀስሁም።

ገል የተሰበረ ሸክላ ነው፤ መልሽ የሚል የለም። እኔ ግን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀምጨዋለሁ። ነገ ልመልስ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የሚጠፋብኝ እሳት አልይዝም፤ ቁጭ በይ ካሉኝ ቁርበት ባይነጠፍልኝም እቀመጣለሁ።