ሹፌር የለውም የተባለው ባቡር

አባቴ ሁለት ስድብ አይወድም ነበር። አንደኛው ሌባ መባል ነው፤ ሁለተኛው ሹፌር መባል። ሌባ ያለው ሰው ስለሌለ ጠቡ ሁሉ በሁለተኛው ነበር። «ሹፌር መሪ ይዞ የሚጠመዝዝ ነው። ባቡር አይጠመዘዝም። እኔ ነጂ ነኝ» ይላል። ከለገሃር ድሬዳዋ የሚሄደውን አሮጌ ባቡር ሲነዳ ነው ያረጀው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለው ሰፈራችን ውስጥ ይህን ልዩነት የማያውቅ አልነበረም። አውቀውም ግን ሹፌር ይሉታል። እሱን ማናደድ ቀላልና ነጻ መዝናኛ ነበር።

ስለዚያ ባቡር እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ሲፈልግ ይደርሳል፣ ሳይፈልግ መንገድ ላይ ያድራል። እናቴ ምሳ ሠርታ ስትጠብቅ የየትኛው ቀን ምሳ እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። አባቴ ግን የዘገየው ባቡሩ ነው ብሎ አያውቅም። የሚዘገየው ተሳፋሪው ነው። በሩ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ጣራ ላይ የሚወጣው፣ ፍየሉን ይዞ ልግባ የሚለው። «አንተ! ውረድ ከዚያ!» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው ስለሆነ ቤት ውስጥም ድምፁ ዝቅ አይልም ነበር። ጨው አቀብሉኝ ሲል ጎረቤት ይሰማል።

ከዚያ አሮጌው ባቡር ቆመ፣ እሱም ጡረታ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይመጣል ተብሎ መንገዳችን ተቆፈረ። እኔ ያኔ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ እሠራ ነበር፤ ክረምት ክረምት ቢሮ የምገባው ጫማዬን በፌስታል ይዤ ነው። ሰፈርተኛው ቁፋሮውን ሲረግም አባቴ ብቻ ከዘራውን ይዞ ሐዲዱ ዳር እየቆመ ሠራተኞቹን ይቆጣጠር ነበር። ማንም አልቀጠረውም። ለቻይናዎቹ ስለ ሐዲድ በአማርኛ ያስረዳል፤ እነሱም በቻይንኛ ይመልሱለታል፤ ተግባብተን ዋልን ይላል።

ሁሉም ነገር የተበላሸው ባለሱቁ ጎረቤታችን ስማርት ስልክ የገዛ ጊዜ ነው። አባቴን በጣም ይወደው ነበር፤ መውደዱን የሚገልጸው ደግሞ በማብሸቅ ነው። አንድ ቀን ሳሙና ልንገዛ አብረን ስንሄድ ስልኩን በባንኮኒው ላይ ዘረጋልን።

«ጋሼ፣ ይቺን ይዩማ።»

ቪዲዮው የፈረንጅ አገር ነው። ከመሬት በታች የሚሄድ፣ ከኛው ለገሃር የባሰ ያረጀ የባቡር መስመር ታድሶ፣ የሚያብረቀርቁ ባቡሮች ገብተውለታል። ባቡሩ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ይላል፣ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይሄዳል። ከፊት ሙሉ መስታወት ነው። ነጂው ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ አንዲት ጸጉረ ነጭ አሮጊት ተቀምጠው ዳንቴል ይሠራሉ። ዋሻው ፊት ለፊታቸው እየመጣባቸው ቀና እንኳ አይሉም።

«ሴትየዋ ናቸው የሚነዱት?» አለ አባቴ።

«ኧረ ማንም አይነዳውም! ተሳፋሪ ናቸው። በራሱ ነው የሚሄደው። ወላሂ የኛም እንደዚሁ ነው እየተባለ ነው፤ በቃ ሹፌር የለውም። ከቻይና በሪሞት ነው አሉ።»

አባቴ ሹፌር የሚለውን ቃል እንኳ አላረመም። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሳሙናውን ሳይወስድ ወጣ።

አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ወሬው ባሰበት። የፊቱ መስታወት ጥቁር ስለሆነ ከውጭ ሰው አይታይም። ውስጥ የምትናገረዋ ሴት ያለምንም ስህተት፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ «ቀጣዩ ጣቢያ» እያለች ስሙን ትጠራለች። ካሴት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ካሴት መናገር ከቻለ መንዳት ምን ያቅተዋል የሚል የቂርቆስ ፍልስፍና ተጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ባቡር ላይ ሲጋፋ አባቴ ግን አልሳፈርም አለ። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜ ልክህን ባቡር ላይ ኖረህ አሁን ፈራህ?» ስትለው ዝም ይላል። አባቴ ዝም ሲል ቤታችን የሌላ ሰው ቤት ይመስላል።

አንድ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ራሱ አወጣው። «ማንም ሳይነዳው የሚሄድ ነገር ከሆነ» አለኝ፣ «እኔ እዚያ ላይ ተቀምጬ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ስሠራ ነበር? ዳንቴል?»

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ለካ ይሄን ሁሉ ወር የኖረው ከዚያች አሮጊት ጋር እየተጣላ ነው።

«አባዬ፣ ሄደን እናጣራ» አልኩት።

«ማንን ጠይቀን ነው የምናጣራው? ካሴቷን?»

የሆነ ሆኖ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ። መሿለኪያ ጣቢያ ትኬት ቆርጠን ወደ መሳፈሪያው ወጣን። ላንቻ ጣቢያ ወርደን፣ ባቡሩ ከመሄዱ በፊት ወደ ፊት ተራምደን ጥቁሩ መስታወት ላይ ፊታችንን ለጥፈን ውስጡን ማየት ነበር ዕቅዳችን። ዕቅዱን ያወጣነው ግን ባዶ ባቡር አስበን ነው። የመጣው ባቡር ሰው የተጠቀጠቀበት ነበር። ሰው ይገፋናል፣ እኛም እንገፋለን። አባቴ የማያውቀው ሰው ብብት ስር ሆኖ ሞተሩን ያዳምጣል። «ድምፅ የለውም» አለኝ በሐዘን። «ድምፅ የሌለው ነገር ማን ይነዳዋል?»

ላንቻ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። እኛ ልንወርድ ስንል የሚሳፈረው ሰው እንደ ጎርፍ ገባ። ሕዝባችን ወራጅን ማስቀደም የሚባል ነገር አይዋጥለትም። በሩ ሊዘጋ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ያኔ አባቴ፣ ታክሲን የሚንቀው፣ ሹፌር መባልን የሚጠየፈው የባቡር ነጂ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ።

«ወራጅ አለ!»

ባቡሩ በሳቅ ተንጫጫ። «አባባ፣ ሚኒባስ መሰለዎት እንዴ?» አለው አንዱ ወጣት። «ረዳቱ ወርዷል!» አለ ሌላው። እኔ የማላውቀው ለመምሰል ፊቴን አዞርኩ። አባቴ ግን ከዘራውን በሰዎቹ መካከል አሾልኮ በሩ ላይ ደገነው። በሩ መጣ፣ ከዘራውን ነካ፣ ተመለሰ። እንደገና መጣ፣ እንደገና ተመለሰ። ባቡሩ ቆሞ ቀረ። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ።

ድምፅ ማጉያው ጠቅ አለ። መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው፣ ደረቅ የጉንፋን ሳል። ቀጥሎ የሴት ልጅ ድምፅ፣ ጎርነን ያለ፣ ከካሴቷ ጋር የማይገናኝ።

«በሩ ላይ ያሉት አባባ! ከዘራዎን ያውጡት እንጂ! እናንተም አሳልፏቸው፣ ምንድን ነው ይሄ?»

በመስታወት ይሁን በካሜራ አይታዋለች። አባቴ ዓይኑ ፈጦ ወደ ጣራው አንጋጠጠ።

«ሰማሽ?» አለኝ። «ተቆጣችኝ እኮ!»

«ሰምቻለሁ፣ በል እንውረድ።»

እሱ ግን ከዘራውን አላነሳም። «አንቺ!» ብሎ ወደ ጣራው ጮኸ። «ነጂዋ ነሽ?»

መስማቷን እንጃ። ማጉያው ግን እንደገና ጠቅ አለ። «አባባ፣ በእመቤቴ! ሰዓት እየሄደብኝ ነው!»

ይህችን ሲሰማ አባቴ እንደተጠራ ወታደር ተስተካከለ። ከዘራውን መዘዘ፣ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ያዘ፣ «አሳልፉ! የሰው ሰዓት አትግደሉ!» እያለ፣ ሰዓቱን የገደለው ሌላ ሰው ይመስል፣ ሁሉንም እየገፈተረ ወረደ። እኔም ይቅርታ፣ ይቅርታ እያልኩ ተከተልኩት።

ወደ ፊት ሮጠን መስታወቱን ለማየት አልደረስንም። ባቡሩ ወዲያው ተንቀሳቀሰ። አባቴ የጣቢያው ጠርዝ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ራሱን በኃይል ዝቅ አድርጎ አጭር ሰላምታ ሰጠ። የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ባርኔጣውን አልመለሰም። ሰው እያየን ነበር። እኔ አሁን አላፈርኩም። እንዲያውም ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

«ጉንፋኗን አልታከመችም» አለኝ ወደ ቤት ስንመለስ። በእግር ነው የተመለስነው፤ ለአንድ ቀን በቂ ተሳፍሬያለሁ አለ። «ነፋስ ነው። ነጂ ሁልጊዜ ነፋስ ይመታዋል። ነጭ ሽንኩርት ብትበላ ጥሩ ነበር።»

አዲሱ ባቡር መስኮቱ እንደማይከፈት ልነግረው ፈለግኩና ተውኩት።

ሰፈር ስንገባ ቤት እንኳ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ባለሱቁ ከሩቅ ሲያየው ጥርሱን ገለጠ።

«እህሳ ጋሼ፣ ተሳፈሩ አሉ! ሹፌር አለው?»

አባቴ ከዘራውን ባንኮኒው ላይ አጋደመ። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፤ እናቴ ግቢያችን ውስጥ ሆና ሰምታዋለች።

«ሹፌርማ የለውም» አለ። «ነጂ አለው። ሰድባኛለች።»