ገመዱን ያስያዝኳት ልጄ

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ሳለ ውሃ ቅጂ ስትባል ቀድታ ትመለስ ነበር። ትንሿ በዚያው ዕድሜዋ ጄሪካኑን ምንጩ ጋ ጥላ ጉሬዛ ስታይ ትውላለች። «ውሃውስ?» ስላት የምትደነግጠው ራሷ ናት። እኔ ይሄን ንቀት አልኩት። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ ከአንድ ድስት በልተው፣ አንዷ ስትችል ሌላዋ ብትለግም ነው እንጂ ምን ይሆናል እያልኩ ስገርፋት ከረምኩ።

ትምህርት ላይማ ጭራሽ አልምራትም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም አብቅዬ፣ ልጅ ወልጄ ነው። ቦንጋ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት፣ ማመልከቻዬን ሌላ ሰው ሲያነብልኝ፣ ጸሐፊዋ «እዚህ ጋ አሻራ» እያለች ጣቴን ቀለም ስታስነክረኝ የተሰማኝን አውቃለሁ። ይቺ ደግሞ በልጅነቷ ያገኘችው ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት። መምህሯ አስጠርታኝ «ጋሼ፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ቀልቧ ነው አልቆም ያላት። ሐኪም ቢያያት» አለችኝ። «ቀልብ የሚሸጥበት ፋርማሲ ተከፈተ እንዴ?» ብዬ መምህራኑን ሁሉ አሳቅሁባት።

እኛ መንደር ቀፎ ሲሰቀል፣ ዛፉ ላይ የወጣው ሰው አመቻችቶ እስኪያስረው ድረስ በቅርንጫፉ ላይ አልፎ የወረደውን የገመዱን ጫፍ ከታች የሚይዝ ሰው አለ። ገመድ ያዥ አያወራም፤ ዓይኑን ከቀፎው አይነቅልም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ቀልበ ቢስ ልጅ ሲያዩ «ገመድ አስይዘው፣ ይሰበሰባል» ይላሉ። ይሄ የሚባለው ግን ጉልበቱ ለጠና ጎረምሳ ነው። አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ትንሿን ይዤ ጫካ የገባሁት።

ባዶውን ቀፎ ራሴ ጎትቼ ቅርንጫፉ ድረስ አደረስኩት። የገመዱን ጫፍ ለሷ ሰጠሁና ከላይ ሆኜ እንዳያት ልክ ከቀፎው ሥር አቆምኳት።

«ከለቀቅሽ አባትሽን ገደልሽ ማለት ነው።»

«አልለቅም አባዬ።»

«ዓይንሽ የት ነው?»

«ቀፎው ላይ።»

እውነቷን ነበር። መዳፏ እስኪላጥ ነው የያዘችው። ዛፉ ላይ ወጥቼ፣ ቅርንጫፉ ላይ ተደላድዬ ማሰሪያውን ሳዘጋጅ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ዘለለ። ወደ ታች ሳይ ፊቷ ዞሯል፤ እጇም ተከትሎታል። ቀፎው ወርዶ ክንዷን ሰበረው።

ሆስፒታል ጀሶ ሲያደርጉላት ሐኪሙ «ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«ገመድ ለቃ» አልኩ።

ልጄም ቀበል አድርጋ «አዎ፣ እኔ ነኝ የለቀቅሁት። አባዬ ነግሮኝ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ለኔ እየመሰከረችልኝ ነበር።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ስለ ቤት ጠየቀ፣ ስለ ትምህርት ጠየቀ፣ መልሶ መላልሶ አስመጣን፣ መምህሯንም አነጋገረ። በኋላ ኤዲኤችዲ የሚሉት ነው አለኝ።

«ልጅ ፍሬን ይዞ አይወለድም ጋሼ። ራስን መግታት፣ ሐሳብን አንድ ቦታ ማቆየት ከአንጎል ጋር ቀስ እያለ ነው የሚያድገው። የትልቋ በጊዜው መጣላት። የዚችኛዋ ይዘገያል፤ እገዛም ይፈልጋል። በዱላ አይፈጥንም።»

«ጉሬዛ ስታይ ግን ግማሽ ቀን ትቆማለች» አልኩት፣ ልረታው ብዬ።

«እሱ ራሱ የሚስባት ነገር ነው። የሚያቅታት በማይስባት ነገር ላይ ቀልቧን ማዘዝ ነው።»

ያኔ የጎልማሶች ክፍላችን ትዝ አለኝ። እኔም መቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ስቁነጠነጥ ያየ አስተማሪ «ከኋላ ቆመው ይማሩ፤ ሲሰለችዎት ወጣ ብለው ይመለሱ» ብሎኝ፣ ፊደልን የጨረስኩት ቆሜ ነው። ለጺማም ሰውዬ የተፈቀደውን ለገዛ ልጄ ከለከልኩ። ከማን እንደወረሰችው ሐኪሙ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ቤት ከገባን በኋላ ነገሩን ስንት ቀን ዋጥኩት። አንድ ከሰዓት ደጃፍ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ ይቅር በይኝ አልኳት። ይቺን ለማለት ላብ አጠመቀኝ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ጭቃ ይዞት ያጓራል፤ እሷ እሱን ታያለች።

«ምን አልክ አባዬ?»

አለመስማቷ ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ የተገላገልኩ መሰለኝ። ትልቋ ግን ከውስጥ ሰምታ ኖሮ «ይቅርታ እየጠየቀሽ ነው እኮ፣ ደንቆሮ» አለቻት።

«ለምኑ?»

«ገመዱን መጀመሪያ ግንዱ ላይ መጠምጠም ነበረብኝ» አልኳት። «ትልቅ ሰውም ቢሆን ጠምጥሞ ነው የሚይዘው።»

«እና ለምን አልጠመጠምከውም?»

«አንቺን ላርምሽ ብዬ።»

ባጃጁ ከጭቃው ወጥቶ ሄደ። እሷ ዞራ አላየችውም፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው። ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።