በአባቴ አጥሚት የጨመርሁት ወተት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናዘዝሁም። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። ልጆቼን "ዋሽቶ ከማደር ጦም ማደር ይሻላል" እያልሁ በዱላ ጭምር አሳደግሁ። እኔ ግን ዋሽቼ አደርሁ፤ እስከ ዛሬም እያደርሁ ነው።

አባቴ ዐይናቸው ሲጠፋ፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ከሚኖሩበት ከጊች አውርጄ ደባርቅ እቤቴ አስቀመጥኋቸው። ከአልጋ ወደ ደጅ የምሸከማቸው እኔ፣ በማንኪያ የማጎርሳቸውም እኔ ነበርሁ። ሁዳዴ ሲገባ ጾሙን እንዲተዉ ለመንኋቸው። የሰፈራችን ቄስም ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን፣ "ዐይኔም ሄደ፣ እግሬም ሄደ። የቀረኝ ጾሜ ነው፤ እሱን ተዉልኝ" አሉ።

እኔ አልተውሁላቸውም። ሚስቴ በውሃ በሠራችው አጥሚት ላይ የፈላ ወተት ጨመርሁ፤ ጣዕሙን በዝንጅብል ሸፈንሁት። ለጤናቸው ብዬ ነው? ራሴን ያታለልሁት እንዲያ ብዬ ነው። እውነቱ፣ ወገቤ ዝሎ ነበር። ትንሽ ቢጠነክሩ በራሳቸው ደጅ ይወጡልኛል ብዬ ነው። እሳቸው በየጉርሻው "እግዜር ይስጥህ ልጄ" ይሉኛል፤ እኔም "አሜን" እላለሁ። ምን ዓይነት አፍ ነበረኝ?

አንድ ቀን ጎረቤት ደጅ ላይ በወሬ ይዞኝ አጥሚቱ ቀዘቀዘ። ተመልሼ ሳጎርሳቸው ከንፈራቸው ላይ የተጣበቀውን ነገር አንስተው በሁለት ጣታቸው አሹት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"አጥሚት ነው፣ አባባ።"

"ላም ሳልብ የኖርሁ ሰው የወተት ስልባቦት ይጠፋኛል? አንተ ልጅ፣ አስገደፍኸኝ?"

 ቄሱን አስጠርተው "የገዛ ልጄ አስገደፈኝ" እያሉ አለቀሱ። ያኔ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ቄሱን ወደ በሩ ወሰድሁና፣ "አባ፣ አይስሟቸው፤ ጃጅተዋል" አልሁ።

ወተቱ አንድ ኀጢአት ነው። ይህ ግን ከወተቱ ይከፋል፤ ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ቄሱ አመኑኝ፤ ወሬውን የሰማው ጎረቤትም አመነኝ። "አባባ፣ ዛሬስ በምን አስገደፉዎ?" እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱባቸው ጀመር።

ያን ቀን ቄሱ እንደ ወጡ አባቴ፣ "ዐይኔ እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም" አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከእጄ ማንኪያ አልተቀበሉም። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው በሶ ራሳቸው እየበጠበጡ፣ ግማሹን ጋቢያቸው ላይ እያፈሰሱ ጠጡ። ፋሲካ ሆነ፤ ወጥ አቀረብሁ። "በሶዬን" አሉ። ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ።

እስከ ዛሬ በሠርጉም በለቅሶውም፣ "አባቱን እንደ ሕፃን እያጎረሰ የጦረ ሰው" እያሉ ለወጣቱ ምሳሌ ያደርጉኛል። አንድ ቀን እንኳ "ተዉ" አላልሁም። ምርቃቱን ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁ።

ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅር የሚሉኝ ሰው አፈር ውስጥ ናቸው። ያን ጊዜ ለቀለዱት ሁሉ ግን ይህን ልንገራቸው፦ አባቴ አልጃጁም ነበር። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር።