አምስተኛው ማሳ

ደባርቅ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ አዝመራ መመዘን ነው። እህሉ ሊታጨድ ሲል ወደ አንድ ቀበሌ እወጣለሁ፤ ከገበሬዎቹ ስም ዝርዝር የአምስቱን ማሳ በእጣ አወጣለሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት በአራት ሜትር በገመድና በችካል ከልዬ አሳጭዳለሁ፣ አስወቃለሁ፣ እመዝናለሁ። አምስት ከረጢት እህል ስለ ቀበሌው ሁሉ ይመሰክራል እንላለን። አማካዩ ዝቅ ካለ ቀበሌው የእርዳታ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ደህና ከሆነ ይወጣል። ከአማካዩ ቀጥሎ ቫሪያንሱ ይጻፋል፤ አምስቱ ቁጥሮች ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ ማለት ነው። መበታተኑ ከበዛ አንዱ ጠግቦ ሌላው ጾሙን እያደረ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቡድን ሄዶ ቤት ለቤት ያያል። ይህን ሁሉ ለገበሬው መንገር ግን ክልክል ነው። እርዳታ ለማግኘት ሲል ምርቱን ያሳንሳል ተብሎ ይፈራል።

አንድ ዓመት ከከተማው ከፍ ብሎ ወዳለ ቀበሌ ሄድኩ። በረዶ የመታው አንዱን ጎን ብቻ ነበር። አራቱ እጣዎች ከደህናው በኩል ወጡ። አምስተኛው በረዶ በመታው ጎን ለምትኖር ባሏ ለሞተባት ሴት ደረሰ።

ማሳዋ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ገብሱ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ዛላው ባዶ ነው። እዚያ አገር ደግሞ ሰው የተበላሸ አዝመራውን ለእንግዳ አያሳይም፤ ነውር ነው። ሴትዮዋ ነጠላዋን እያስተካከለች መንገዱ ላይ ቆመችብን።

«ልጄ፣ ይህን በመዝገብ አታውጣብኝ። ማረስ አያውቁም ይሉናል። ከወንዙ ማዶ የወንድሜ ማሳ አለ፣ ያምራል፣ እሱን እጨድ።»

አብሮኝ የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበርም ቀበል አድርጎ «ምን ቸገረህ፣ ማሳ ማሳ ነው» አለኝ።

እጣ እጣ ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ከጠዋት ጀምሮ በእግሬ ስሄድ ውያለሁ፤ ደመናም ከብዷል። ገመዱን ጠቅልዬ ወንዙን ተሻገርኩ። የወንድሟ ገብስ በእርግጥም ያምር ነበር።

ቢሮ ገብቼ ሂሳቡን በጥንቃቄ ሠራሁ። የአምስት ማሳ አማካይ የቀበሌው እውነተኛ አማካይ አይደለም፤ ግምት ነው። መበታተኑም ከዚያው ከናሙናው አማካይ ተነስቶ ሲለካ ከእውነቱ ጠበብ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የርቀቶቹ ካሬ ድምር በአምስት ሳይሆን በአራት ይካፈላል። አዳዲስ ሠራተኞች ይህን ይስታሉ፤ እኔ ተኝቼ እንኳን አልስተውም። በአራት አካፈልኩ። ቫሪያንሱ ኢምንት ሆነ። አለቃዬ ቅጹን አይቶ «ሥራ እንዲህ ነው!» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። ቀበሌው ከዝርዝሩ ወጣ፣ ቤት ለቤት የሄደም አልነበረም። ያን ጊዜም ምንም አልተሰማኝም፤ ሻይ ጠጥቼ ወደ ሌላ ቅጽ ዞርኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል በገበያ ቀን ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ አየኋት። የቀረቻትን አንዲት ላም ልትሸጥ ይዛ ቆማለች። ከስታለች፤ ቀሚሱ ሰፍቷታል። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ቀድማ አየችኝ።

«ልጄ! ደህና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናቴ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ከላሟ የምታገኘውን ይዛ አዲ አርቃይ ልጇ ዘንድ ልትወርድ መሆኑን ነገረችኝ። ማሳውን ወንድሟ ያርሰው ብላለች። ዘር የሚሆን እንኳ አልተረፋትም። እስክትወቅሰኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ጊዜ ገበናዬን ሸፈንክልኝ» አለችኝ፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ። «ሰው ፊት አላዋረድከኝም። የአንተንም ገበና እሱ ይሸፍንልህ።»

አሁን ብነግራት የሚከለክለኝ አልነበረም። ቅጹ ተሞልቷል፣ ዝርዝሩም ተዘግቷል።

«አሜን» አልኩ።